ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር

ማራኪ ሰፈር ከተከራየሁት ክፍል ፖሊሶች የወሰዱኝ ጧት ፊቴን እየታጠብኩ ሳለ ነው። የቻይንኛ ሥነ ጽሑፍ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበርኩ፤ የመመረቂያ ጽሑፌን ልጨርስ ከቤጂንግ ከመጣሁ ብዙም አልቆየሁም። እዚያ ከማን ጋር እንደምገናኝ ጠየቁኝ። ከመምህሬ ጋር አልኩ። አላመኑኝም።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር፤ ግድግዳው አሁንም ነቀዝ ነቀዝ ይሸታል። ጠጋ ብሎ ቦታ የሰጠኝ የማክሰኝት ሰው ነው፤ የመንገድ ሥራ ዶዘር ነጂ። በሚሠራበት ቦታ አፈር ተንዶ ጉድጓድ የገባ አንድ የቀን ሠራተኛ ሞቷል፤ እንዲገባ ያዘዝከው አንተ ነህ ብለው ነው ያሰሩት።

"ግባ አላልሁትም" አለኝ። "የሚሰማኝ ግን የለም።"

የጋቢውን ጫፍ አለበሰኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። የመንገዱ ሥራ ኃላፊ የሆነ አንድ ቻይናዊ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አስተርጓሚው ቀርቶባቸው ነው እኔን ያስታወሱኝ። መርማሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መንገዱ እንዳይቆም ጉዳዩ በዶዘር ነጂው ላይ ቢዘጋ እንደሚሻል ነገረኝ። "አንተም ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።"

ቻይናዊው ቃሉን በአጭሩ ሰጠ። መጨረሻ ላይ "እንዲገባ ማዘዝ" እንደ ማለት ያለ ነገር ተናገረ። በቻይንኛ ማን እንዳዘዘ ሳይጠሩ እንዲህ ማለት ይቻላል። አማርኛው ግን አዘዝኩት ወይም አዘዘው ካላልኩ አይሄድልኝም። መምህራችን የጥንት ግጥም ስንተረጉም፣ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ከኪሳችሁ አታውጡ ይለን ነበር።

"ዶዘር ነጂው አዘዘው፣ አይደል?" አለ መርማሪው እስክሪብቶውን አንስቶ።

ወደ ቻይናዊው ዞሬ ማን እንዳዘዘ በቋንቋው ጠየቅሁት። ቆቡን ከጉልበቱ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ እንደ አገሩ ልማድ፣ 'እኔ' ለማለት ጣቱን ወደ አፍንጫው ቀሰረ።

"'እኔ ነኝ ያዘዝሁት' ነው የሚለው" አልኩ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"አዎ፤ እንዲሁ ይጻፍልኝ።"

ወደ ክፍሌ መለሱኝ። በማግስቱ አስተርጓሚያቸው መጥቶ እንደገና ሲጠይቀው፣ ቻይናዊው ያንኑ ደገመ። ዶዘር ነጂው ተፈታ። እኔ ክረምቱ እስኪወጣ ቆይቼ ያለ ክስ ተለቀቅሁ።

ዶዘር ነጂው አሁን ወደ ደባርቅ በኩል ይሠራል። በዓል ሲመጣ ይደውልልኛል፤ ሸጋ ነህ ወይ ይለኛል፣ ስለ ልጆቹ ያጫውተኛል። ያን ቀን አንስተነው አናውቅም። የቻይናዊው መጨረሻ ምን እንደሆነ አልሰማሁም፤ አንዳንዴ አስበዋለሁ። እኔ የጠየቅሁት አንዲት ጥያቄ ናት። እሱ ግን ዝም ማለት ይችል ነበር።