ከገሳይ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ የመጣው የብረት አር

ከባሕር ዳር በማለዳ ሚኒባስ ስሳፈር ረዳቱ ምን ፍለጋ እንደምሄድ ጠየቀኝ። «የብረት አር» ስለው ሳቀብኝ። እውነቴን ነበር። የምሠራበት ቡድን ለሲንክሮትሮን፣ ማለትም እጅግ ብርቱ ኤክስሬይ ለሚያመነጭ ግዙፍ ማሽን፣ አዲስ የምስል መቀበያ እየሠራ ነው። አሮጌው መቀበያ ብረት ሲያጋጥመው አጠገቡ ያለውን ሁሉ ያደበዝዛል። የእኛን ለመፈተን ብረት፣ ከሰልና የአየር ቀዳዳ የተደባለቀበት ነገር ያስፈልጋል። ብረት ሲቀልጥ የሚተርፈው አር ደግሞ ሁሉንም ይዟል። «እኔ አመጣለሁ!» ብዬ ጉራዬን ነዝቼ ወጣሁ።

ጋፋት

ከደብረ ታቦር በባጃጅ ሄድኩ። ድሮ መድፍ ይሠራበት በነበረው ስፍራ ዛሬ ገብስ ተዘርቶበታል። አር ላነሣ ጎንበስ ስል ጠባቂው «ቅርስ አይነካም፣ ጌታው!» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ እጄን ሰብስቤ ተመለስኩ።

ገሳይ

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እትዬ ዘነቡ የሚባሉ ሴት ደጃፍ ላይ ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ እየበላሁ ሳለ በራቸውን ደግፎ የያዘውን ጥቁር ነገር አየሁት። የብረት አር! ከጓሯቸው የወጣ ነው።

«ውሰደው ልጄ። ግን ከኛ ጓሮ ነው እንዳትል።»

«የተገኘበት ቦታ ካልተጻፈ አይቀበሉኝም፣ እትዬ።»

«እሑድ ለየሺ ሽማግሌ ይመጣል። ዘራቸው ቀጥቃጭ ነው ከተባለ ልጄን ማን ያገባታል?»

ሰዉ የቀጥቃጭን ማረሻ እየገዛ ጋብቻ እንደሚነፍገው ረስቼው ነበር። ተናደድኩም፣ አፈርኩም። አሩን ወደ ቦታው መለስኩት።

ድንች ስትልጥ የነበረችው ልጃቸው የሺ ቀና አለች። «እማዬ፣ እሑድ እኔው እነግራቸዋለሁ። በዚህ የሚቀር ከሆነ ይቅር!» አሩን በማዳበሪያ ቁራጭ ጠቅልላ ሰጠችኝ። እናቷ ስሰናበታቸው እንኳ ቀና ብለው አላዩኝም።

አዲስ አበባ

ከሳምንታት በኋላ የአሩ ምስል ከማሽኑ መጣ። ከብረቱ ጎን ያለው ከሰል የእንጨቱ የዕድሜ ቀለበት ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል። እንደ ልጅ ፈነደቅኩ። ለእኔ «የተገኘበት ቦታ» ማለት ቅጽ ላይ የሚሞላ ባዶ መስመር ነበር። ሰው የሚኖርበት መሆኑን የተማርኩት ገሳይ ነው። ወዲያው ለነየሺ ደወልኩ፤ እትዬ ዘነቡ አነሡ።

«ሽማግሌዎቹማ እንደሰሙ ተነሥተው ሄዱ» አሉኝ።

ደስታዬ ብን አለ። «የቦታውን ስም ከጽሑፉ ልሰርዘው፣ እትዬ?»

ድምፃቸው ጠንከር ብሎ መጣ።

«አያቴ ናቸው ያቀለጡት። የሳቸውንም ስም ጨምርበት።»