ሽቦውን አትግፋው

ታላቅ ወንድሜ ንዋይ በደቡብ ሱዳን ጁባ፣ ካቶር ሰፈር፣ በጋለ ሽቦ ፎም እየቆረጠ ለሰርግና ለሱቅ የሚሰቀሉ ፊደላት ይሠራ ነበር። መጀመሪያ የሚጠቀመው ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ምድጃ የፈታውን ሽቦ ነበር፤ ሲግል ይረግባል፣ ቶሎም ይበጠሳል። በኋላ ሙቀትንም ውጥረትንም የሚችል ጠንካራ ሽቦ ከአዲስ አበባ አስመጣ። ከመቁረጡ በፊት እንደ ክራር በጥፍሩ መትቶ ውጥረቱን ያዳምጣል።

አንድ ቀን ላግዘው ብዬ ፎሙን ስገፋ ሽቦውን በጠስኩበት።

«ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩህ መግፋት ነው እንዴ?» አለኝ። «አትግፋው። መንገዱን ራሱ እያቀለጠ ይሄዳል።»

ንዋይ መጋቢት 3 ቀን በአርባ ስድስት ዓመቱ በወባ ሞተ። ሞቱን በጁባ የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን መዝገብ ላይ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ፤ መዝገብ ያዡ እኔ ነኝና። ባለቤቱ አምለሰት ለአርባው ስሙን በነጭ ፎም ቆርጬ ከፎቶው በላይ እንድሰቅል ጠየቀችኝ። ከጠንካራው ሽቦ የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ ሌላ እስኪመጣ አርባው ያልፋል።

በንዋይ መቁረጫ ላይ ወጥሬ በጥፍሬ መታሁት፤ ከዚያ አጋልኩት። «ን» በደህና ወጣ። «ዋ» ላይ እጄ ቸኮለና ሽቦው ጎበጠ። አቆምኩ፤ ፎሙን አቅልጦ እስኪቀና ጠበቅኩ። ሦስቱ ፊደላት ሃምሳ ደቂቃ ፈጁ። ሽቦው አልተበጠሰም፤ ሳልፈታው እንደተወጠረ ተውኩት።