ከቤት ውጭ የተበላ ምግብ

ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ልጅ ባጅ አንጠልጥላ፣ ታብሌት ይዛ ገርጂ ያለውን የኮንዶሚኒየም ቤታችንን አንኳኳች። ቤተሰብ ምን እንደሚሸምትና ምን እንደሚመገብ እያጠናች ነው። ምራቴ ቦሌ ለሚ ፋብሪካ ሥራ ገብታለች፣ ሁለቱ የልጅ ልጆቼ ታች ይጫወታሉ፣ ልጄ ዳዊት ጥግ ላይ ጫማውን ይቦርሻል። መልስ መስጠቱ ለእኔ ደረሰ።

ባለፈው ሳምንት ስንት ኪሎ ሥጋ እንደገዛን ጠየቀችኝ። ሳምንት ስትይ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ነው አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም... ቅጽ በግምት አይሞላም ተብለን ነው ያደግነው።

ሥጋ የለም። ቅቤ የለም። ዘይት ግማሽ ሊትር፣ ያውም ከሱቅ የተቀዳ። ስኳር ትተናል። «የለም» ማለትም ለካ ያደክማል።

ከዚያ በቀን ስንት ጊዜ እንደምበላ ጠየቀችኝ። አንድ ጊዜ አልኳት። ዳዊት ብሩሹን አቆመ።

እዚህ ላይ ለእናንተ እውነቱን ልናገር። ሦስት ወር ሙሉ «የስእለት ጾም ይዣለሁ» እያልኩ እስከ ማታ እህል አልቀምስም። ስእለት የለብኝም። ድርሻዬ ለልጆቹ እንዲሄድ ነው። ዳዊት ይህን ቢያውቅ እንጀራ ከጉሮሮው አይወርድም።

«ምክንያቱን ሃይማኖት ልበለው ወይስ ኑሮ ውድነት፣ እማማ?»

«ሃይማኖት።»

በዚህ ዕድሜዬ ቅጽ ላይ ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው።

ቀጥላ «ከቤት ውጭ የተበላ ምግብ» ወደሚለው ጥያቄ አለፈች። እኔው ቀደም ብዬ፣ ዳዊት በየቀኑ ሃያ ሁለት ሰፈር ከጓደኞቹ ጋር እራቱን በልቶ እንደሚገባ ነገርኳት። ማታ ሳቀርብለት «ጠግቤያለሁ» ነው መልሱ። እንዲያውም አንድ ቀን፣ ልጆች ያሉት ሰው ሆቴል ለሆቴል አይዞርም ብዬ ገሥጬዋለሁ። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ...

ልጅቷ ወደ እሱ ዞራ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ዜሮ በይው» አላት፣ ጫማውን እያየ።

ልጅቷ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች።

«እስቲ ወደ ኋላ መልሺልኝ» አልኳት። «ሃይማኖት ያልኩሽን አርሚው።»

ዳዊት ቀና አለ። «ሦስት ወር ሙሉ፣ እማዬ?»

«አንተስ ከመቼ ጀምሮ ነው የጠገብከው?»

ልጅቷ አረመች፣ አመስግናን ወጣች።

ምሳ ሰዓት ላይ ልጆቹን ካበላን በኋላ ያለችውን ሽሮ አቀረብኩ። ሁለት ውሸታሞች ከአንድ ትሪ በላን... ማን ቀድሞ እጁን እንደሚሰበስብ እየተጠባበቅን።