አንዲት ጥጃ ያልሰጠው አባት

«ልጅ የአባት ናት! ባህላችን ነው!» ብሎ ጠረጴዛውን ደበደበው የጓደኛዬ የፀሐይ ባል፣ ዛሬ እዚህ ደቡብ ሱዳን፣ ጉዴሌ ሰፈር ባለው የባህል ፍርድ ቤት።

ኢትዮጵያ ያደገ ደቡብ ሱዳናዊ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። ሊፋቱ ነው፤ ጠቡ የስድስት ዓመት ልጃቸው ከማን ጋር ትኑር ነው።

ሽማግሌው ዳኛ ረጋ ብለው፣ «ስንት ከብት ሰጥተህ አገባሃት?» አሉት።

«አንድም» አለ ቀስ ብሎ። ይሄ ሰው እኮ ፀሐይ ምግብ ቤት ቁጭ ብሎ፣ «አንዲት ጥጃ ሳልሰጥ ሐበሻ አገባሁ» እያለ ሲፎክር የኖረ ነው!

«እንግዲያው በባህላችን ከብት ካልተሰጠ ልጅቷ የእናቷ ናት» አሉት።

ጌታው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ባህል ኋላቀር ነው! በዘመናዊ ሕግ ይታይልኝ!»

እናንተ ሰፈርስ፣ ባህል እስኪዞርበት ድረስ ብቻ ባህል የሚወድ ባል አለ? እስቲ ጻፉልን፤ ፀሐይ ከስንት ጊዜ በኋላ መሳቅ ጀምራለች፣ ሳቋን እንዳታቋርጡባት።