ከግድግዳ የተፋቀ አልበም

ዶንካ ከአባቷ ቤት ግድግዳ ውስጥ ወርቅ አወጣች ተባለ። ሰኞ ዕለት ወርቁ አንዲት የቱርክ ሳንቲም ብቻ ነበር፤ በማግስቱ ማሰሮ ሙሉ ሆነ፤ ሐሙስ ወሬው ከፓንቾ ቡና ቤት ሲደርስ ወርቁ ጥጃ አክሎ ቀንድ ማብቀል ጀምሯል።

ለማመን ያስቸግራል። ወርቅ ያገኘች ሴት ክርኑ የተጣፈ ሹራብ ለብሳ ገበያ አትወጣም። ግን በድሪያኖቮ ከተማ ወርቅ ፍለጋ ጓሮውን ያልቆፈረ ወንድ ጢም አያበቅልም ነው የሚባለው፤ ስለዚህ ሹራቡን ያየ ሁሉ “አይ ብልጠት!” ብሎ አለፈ።

እውነቱን ለመናገር ለወሬው እሳት ያቀበለችው ራሷ ናት። ቤቱ ተሽጧል፤ ገዢው ቅዳሜ ሊያፈርሰው ነው። ዶንካ ደግሞ በየቀኑ ልስን መፋቂያ ስፓቱላና ታብሌት ይዛ ትገባና የወጥ ቤቱን ግድግዳ ስትፍቅ ትውላለች።

ሟች እናቷ ማሪዮላ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ያን ግድግዳ በኖራ ታድስና አበባ የተቀረጸበትን የጎማ ሩሎ ቀለም እየነከረች ታንከባልልበት ነበር። ያምናው ሳይፋቅ የዘንድሮው ይደረባል። ግድግዳው ስስ ሊጥ እየተደራረበ እንደሚጋገረው ባኒትሳ ቅጠል በቅጠል ሆኖ፣ ከአሁን አሁን ወጥ ቤቱን ሞልቶ ሰዎቹን ያስወጣል እስኪባል ድረስ ወፍሮ ነበር።

ዶንካ እያንዳንዱን ቅብ ፎቶ ታነሳና ታብሌቱ ላይ አንዱን በአንዱ ላይ ትዘረጋዋለች። የላይኛውን በጣቷ እያሳሳች የታችኛው ብቅ እንዲል ታደርጋለች፤ የፋሲካዎቹ ቀለም ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ይታያል። በዚያ ላይ የእናቷን ፎቶ ልታሳርፍበት ነው። ማሪዮላን ፎቶ አንሺ ያገኛት በሰው ሠርግ ላይ ብቻ ነው፤ ዕድሜዋን የጨረሰችበት ወጥ ቤት ውስጥ ያነሳት የለም። እንግዲህ ልጅየዋ እናቷን ወደ ቤቷ ልትመልሳት ነው።

የቀራት ከሁሉ በታች ያለው ቅብ ነበር፦ ቤቱ አዲስ በነበረበት ዓመት የተቀባው አረንጓዴ፣ በሕፃንነቷ በጣቷ የምትከተለው ሐረግ። እሱ ግን ስፓቱላው በነካው ቁጥር ዱቄት ሆኖ ይረግፋል።

ባለ ቡና ቤቱ ፓንቾ ቡናዋን እያቀረበ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እትዬ ዶንካ፣ እንዴት ነው፣ ተገኘ?” አላት።

“ገና ነው። ሥሩ አልደረስኩም” አለች፤ ስለ ሐረጉ የጠየቃት መስሏት።

ቡና ቤቱ ሁሉ ጆሮውን አቆመ። ሥሩ ካልተደረሰማ ያቺ የወርቅ ጥጃ ከሥር እናት አላት ማለት ነው።

ዓርብ ዶንካ ለዓይኗ ጠብታ ልታመጣ ሐኪም ቤት ሄደች፤ ወረፋው ላይ የሳንቲሙንና የማሰሮውን ወሬ ሰምታ ሳቀች። ስትመለስ ግድግዳው የለም። ግማሹ ከተማ ቆፍሮ ሄዷል፤ የቀረው ፓንቾ ብቻ ነው፣ ዶማ እንደያዘ፣ ኖራ ለብሶ፣ ከወፍጮ ቤት የወጣ አይጥ መስሎ። ዶንካ የጠብታውን ብልቃጥ እንደያዘች ፍርስራሹ ላይ ቁጭ አለች። ነገ ደግሞ ፍርስራሹም አይኖርም።

ፓንቾ ይቅርታ መሆኑ ነው፣ እግሯ ሥር ያለውን ትልቁን የልስን ቁራጭ ሊያነሳላት ሲታገል፣ የላይኞቹ ቅቦች ባንዴ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተላቅቀው ወደቁ። ከሥር አረንጓዴው ወጣ። ሐረጉ ሙሉ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ሩሎው ማሪዮላን ያዳለጣት ጊዜ፣ ተንሻፎ ወደ ታች ይወርዳል።

“ፓንቾ፣ ወደ መስኮቱ ይዘህ ቁም። እንዳትተነፍስባት።”

ፓንቾ ትንፋሹን ውጦ፣ ቀልቶ ቆመ። ዶንካ ሐረጉን ፎቶ አነሳችው፤ ታብሌቱ ላይ ከሁሉም ሥር አነጠፈችው፤ ማሪዮላን ከነሠርግ ሻሿ አምጥታ ፊቱ አቆመቻት። ሴትዮዋ ገና አሁን ወጥ ከምድጃ ያወረደች መሰለች። ፓንቾ ኮፍያውን አወለቀ። ልጅ ሳለ እዚህ ወጥ ቤት በር ላይ ቆሞ ስንት ቁራሽ ዳቦ በማር በልቷል።

ኮፍያውን እያሻሸ፣ እያፈረ፣ “ወርቁስ፣ እትዬ?” አለ።

“ምን ወርቅ?” አለች ዶንካ ዓይኗን ከታብሌቱ ሳታነሳ። “ሳንቲም አላየሁም፣ ማሰሮ አላየሁም። እዚህ ቤት ወርቅ ኖሮም አያውቅም።”