አውቶቡስ የነበረበት መንገድ

እናቴ ታማ መተኛቷን የሰማሁት እዚህ ሳዑዲ አዲሱ የደማም አየር ማረፊያ በተከፈተ ሰሞን ነው። ደሴ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ደውሎ፣ ከቻልሽ ቶሎ ድረሺባት፣ ስምሽን ትጠራለች አለኝ። አልቻልኩም። የባለቤቴ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ወረቀቱ፣ ወደ ሌላ አሠሪ፣ ወደ ሌላ ካፊል እየተዛወረ ነበር፣ እኔ ደግሞ በሱ ወረቀት ነው የምኖረው። ዝውውሩ ሳያልቅ ካገር የመውጫ ፈቃድ አይሰጥም ተባለ። የራሱ ኢቃማ ያለው ኾበር ከተማ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ የሚሠራው ታላቁ ልጄ ብቻ ነበር። ሃያ ዓመቱ ነው፤ አያቱን አይቷት አያውቅም። እኔ ባልደርስ እንኳ ከሆዴ የወጣው ይድረስላት ብዬ ለመንኩት። እሱም ካፊሉን ለምኖ የአንድ ወር ፈቃድ አገኘ።

የእናቴ አገር ከደሴ ወደ ምዕራብ የሦስት ቀን የእግር መንገድ ነው። እኔ ሳውቀው በዚያ በኩል የሚያልፈው መኪና በበጋ እህል ሊጭን የሚመጣ አሮጌ ካሚዮን ብቻ ነበር። ታላቅ ወንድሜ በጆንያ ላይ ተቀምጦ ሲመለስ ካሚዮኑ ገደል ገባ። አስከሬኑን በገመድ ነው ያወጡት። ከዚያ ወዲህ እናቴ ከመካከላችን ማንንም መኪና ላይ አላስወጣችም፤ ደሴ ስትሸኘኝም ሦስቱን ቀን በእግሯ አብራኝ ሄዳለች። ፍርሃቱ ከኔ ጋር ባሕር ተሻገረ። ደማም ውስጥ እንኳ ታክሲ ስገባ የበሩን እጀታ ጨብጬ ነው የምቀመጠው።

ስለዚህ ልጄን አል ፈይሰሊያ ሰፈር ቤታችን ምንጣፍ ላይ አስቀምጬ መንገዱን አንድ በአንድ ነገርኩት። አማርኛ ይናገራል እንጂ ፊደሉን አልተማረም፤ በዐረብኛ ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ ጻፈው። የመጀመሪያው ቀን ሜዳው፣ ከዚያ ረጅሙ ቁልቁለትና ወንዙ። ወንዙን ከትልቁ ድንጋይ በላይ ተሻገር፣ ከታች ይጠልቃል አልኩት። ሁለተኛው ቀን ጫካ ነው፤ መጀመሪያ ወይራና ጥድ፣ ከፍ ሲል አስታ። መንገዱ ለሁለት ሲከፈል መሬት ላይ የወጣውን የዛፍ ሥር እይ፤ የሚያበራው የሰው እግር ያለሰለሰው ነው፣ እሱን ተከተል። ጉም ከወረደ ባለህበት ተቀመጥ። ሦስተኛው ቀን ሁለት ሸለቆ ወርደህ ሁለት ዳገት ትወጣለህ። የት ውኃ እንደሚጠጣ፣ ሲመሽ በየትኛው መንደር "የአላህ እንግዳ ነኝ" ብሎ እንደሚያንኳኳ ሁሉ ነገርኩት። ልጄ ሳቀ።

"እማ፣ ዛፎቹ እስካሁን እኔን እየጠበቁ ነው?"

ሊሄድ ሲል እጁን ቁርኣን ላይ አስጭኜ ከደሴ ወዲያ መኪና ላይ እንዳይወጣ አስማልኩት። ባለቤቴ ልጁን አታስጨንቂው አለኝ፤ አልሰማሁትም። ልጄም ማለ፤ ቀጥሎም ኸላስ፣ አለቀ፣ አሁን ሳቂ አለኝ።

ደሴ እንደደረሰ ደወለ።

"እማ፣ እዚህ መኪና አለ ይላሉ፤ አሁን መንገዱ..."

አላስጨረስኩትም። "ምለሃል" አልኩት።

"እሺ፣ አብሽሪ" ብሎ ዘጋ።

እነዚያን ሦስት ቀናት እኔም በሐሳቤ አብሬው ሄድኩ። ዕቃ ሳጥብ ወንዙ ጋ ደርሷል፣ ልብስ ሳሰጣ ጫካው ውስጥ ገብቷል እላለሁ። መደበቅ አልችልም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በአራተኛው ቀን የአክስቴ ልጅ ደወለ። እናቴ በሦስተኛው ቀን ማለዳ አርፋ ከዙህር ሶላት በኋላ ተቀብራለች። ልጄ የደረሰው ሰው ከመቃብር ሲመለስ ነው። አፈሩ ገና እርጥብ ነበር አሉኝ። የሦስት ቀን መንገድ ያለው ወሬ በአንድ ቀን እንዴት ደሴ እንደደረሰ ያኔ አልጠየቅኩም። ቀደሩ ነው፣ አላህ የጻፈው ነው ብዬ አለቀስኩ፤ ልጄም እግሩ እስከቻለ ድረስ ሄዷል ብዬ ተጽናናሁ።

ልጄ ሲመለስ ሴቶች እንደገና ሊያስተዛዝኑ መጡ። ከነሱ አንዷ ያገሬ ሴት ናት፤ ራካ ሰፈር ያለችውን ልጇን ልትጠይቅ ከወር በፊት የመጣች፣ ጨዋታ የምትወድ ሴትዮ። ሐዘኑን ልታቀል ብላ ልጄን ያዘችው።

"አንተ የዐረብ ልጅ፣ አያቱ ዘንድ በእግሩ ሄደ አሉኝ። ምነው፣ አውቶቡሱ ጠበበህ?"

ሴቶቹ ሳቁ። እሷም መንገዱ ተሠርቶ ጠጠር ከለበሰ ዓመታት እንዳለፉት፣ ጠዋት ከደሴ የተሳፈረ ሰው የዐስር ሶላትን እዚያ እንደሚሰግድ አወራች። ልጄ አንገቱን ደፋ። እኔ ቀኑን ቆጠርኩ። ዕለቱን ተሳፍሮ ቢሆን እናቴን በሕይወት ያገኛት ነበር፤ ሁለት ሌሊት ከጎኗ ያድር ነበር።

እንግዶቹ ሲወጡ አውቀህ ነበር ወይ አልኩት። አውቶቡሱን መናኸሪያው ውስጥ ቆሞ እንዳየው፣ የደወለልኝም እሱን ሊነግረኝ እንደነበር ነገረኝ።

"ታዲያ ምለህ ስለነበር ነው?"

"መሐላ ያፈረሰ ሰው ካፋራው ቀላል ነው፣ እማ። አስር ድሃ ማብላት ነው፤ ያልቻለ ሦስት ቀን ይጾማል። ስድስተኛ ክፍል ተምረነዋል። መሐላውን አይደለም የፈራሁት።"

"ምኑን ነው ታዲያ?"

"አንቺን። መኪናው ሲገለበጥ እያየሽ እንደምትቀመጪ አውቃለሁ።"

ሳትነግረኝ ብትሄድስ አልኩት።

"ዋሽቼሽ አላውቅም" አለኝ።

ቢቆጣኝ በወደድኩ። አልተቆጣኝም። ባለቤቴም አንድ ቀን እንኳ ነግሬሽ ነበር አላለኝም። ልጄ ስለ መንገዱ ለኔ ምንም አላወራኝም፤ እኔም መጠየቅ አቃተኝ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ታናናሾቹን ሰብስቦ በዐረብኛ ሲያወራ ከኩሽና ሰማሁት። የኔ ዐረብኛ የገበያና የሐኪም ቤት ነው፤ ይሄን ግን ገባኝ። ከዛፎቹ ስለሚንጠለጠለው ጢም የመሰለ ግራጫ የዛፍ ሽበት፣ ፀሐይ ስትወጣ ገደሉ አፍ ላይ ተደርድረው ስለሚሞቁት ጭላዳዎች፣ ጫካው ውስጥ የገዛ ትንፋሹ ብቻ ይሰማው ስለነበረበት ሰዓት ይነግራቸዋል። አንዲት ሴት የተቆላ ገብስ ኪሱ ሞልታለታለች። ትንሿ ልጄ፣ ደከመህ ወይ አለችው። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ልሰማው ፈልጌ በሩ ጋ ደረስኩ። ሲያየኝ አቆመ። ልጆቹም ዞረው አዩኝ።

"ምን ፈለግሽ፣ እማ?" አለኝ።

ምንም አልኩትና ወደ ኩሽና ተመለስኩ። የማልሰማው መስሎት እንዲቀጥል ብዬ የቧንቧውን ውኃ ከፈትኩት።