ታቅፎ ያመጣው ሽማግሌ

ይህን ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር፣ ልጆቼ። አራዳ ካለው ቤቴ አንዷን ክፍል ለትምህርት ለመጣ አንጎላዊ አከራይቼ ነበር። ሸጋ ልጅ ነው። አንድ ቀን ክፍሉን ልጠርግ ብገባ፣ ከራስጌው ከእንጨት የተጠረበ ሰውዬ ቁጭ ብሏል። ጣዖት በቤቴ ገባ ብዬ የነፍስ አባቴን አስጠራሁ። ጣዖት ነው ካሉ ልጁን ላስወጣው ቆርጫለሁ።

መምሬ መጥተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። «እስቲ አምጣው» አሉት።

ልጁ በተማራት አማርኛ፣ «አባቴ፣ ጣዖት አይደለም። እኛ ቾክዌ የምንባል ሕዝብ ነን። ይሄ የአያቶቼ አባት ነው፤ እንዳንረሳው ቀረጹት» አለና በሁለት እጁ ታቅፎ አመጣው።

ምኑን ልንገራችሁ። ግንባሩ ሰፊ፣ ዓይኑ ወደ ምድር ያቀረቀረ፣ ጉልበቱ ከመዳሰስ ብዛት ሰው እንደሚሳለመው የቤተ ክርስቲያን መቃን የለሰለሰ። መምሬ መስቀላቸውን ጨብጠው አተኩረው አዩት። አሁን ገዘቱት እያልኩ እጠብቃለሁ።

እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ብድግ አሉና፣ ሽማግሌ ሲገባ እንደሚባለው፣ ቀስ ብለው «ኖር» አሉት።

እኔማ ለካ ቀድሜያቸው ቆሜያለሁ።